ብር ነው፣ ግን ገንዘብ ነው? የመታሰቢያ ሜዳሊያን ከእውነተኛ ሳንቲም የመለያ ዝርዝር መመሪያ

ቋንቋችን ራሱ እዚህ ጉዳይ ላይ ወጥመድ አለው። «ብር ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስለ ማዕድኑ ይጠይቅ ስለ ገንዘቡ አይለይም። «አዎ፣ ብር ነው» ብሎ የሚመልስ ሻጭም አልዋሸም።

እኔ የተበላሁት በዚሁ ነው። የድሮ የአሜሪካ ሞርጋን ዶላር መስሎኝ አንድ ትልቅ ክብ ነገር ገዛሁ። የሴትዮዋ ፊት አለ፣ ንስሩ አለ፣ ኮከቦቹም አሉ። «ብር ነው?» አልኩ። «ንጹሕ ብር ነው» ተባልኩ። ቤት ገብቼ ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 31.1 ግራም አለ። እውነተኛው ሞርጋን ዶላር 26.73 ግራም ነው። በሌንስ ሳየው «አንድ ዶላር» መባል የነበረበት ቦታ ላይ «አንድ ትሮይ አውንስ» ይላል፣ የክብደት መለኪያ ነው። ብር ነው። ገንዘብ ግን ሆኖ አያውቅም። ሰብሳቢ የሚከፍለውን ዋጋ ከፍዬ የብረት ዋጋ ብቻ ያለው ነገር ይዤ ገባሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፍተሻውን ከማዕድኑ ስለሚጀምር ነው። ማግኔት ያስጠጋል፣ ካልሳበ «እውነተኛ ነው» ይላል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፦ መጀመሪያ ማንበብ፣ ቀጥሎ መመዘንና መለካት፣ ማዕድኑ መጨረሻ። ከታች ያሉትን ደረጃዎች ሳትዘሉ ተከተሉ። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ሳንቲም» የምለው ማንኛውንም የብረት ገንዘብ ነው። ዓመቶቹም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

## መጀመሪያ ስሞቹን እንለይ

ሳንቲም መንግሥት ወይም መንግሥት ሥልጣን የሰጠው አካል ለመገበያያነት ያወጣው ነው።

የመታሰቢያ ሳንቲም ደግሞ ያው ሳንቲም ነው፣ አንድ ሰው ወይም አጋጣሚ እንዲታሰብበት ሥዕሉ የተለወጠ። ከ2004 ጀምሮ የሚወጡት የመታሰቢያ 2 ዩሮዎች ሱቅ ውስጥ ይከፈልባቸዋል። ስለዚህ «መታሰቢያ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይወስንም። ብዙ ሰው የሚደናገረውም እዚህ ነው።

የመታሰቢያ ሜዳሊያ ለማስታወሻ ብቻ የተሠራ ነው። ማንም ሊሠራው ይችላል። ሲወጣም የገንዘብ ዋጋ አልተሰጠውም።

ቶከን አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚሠራ ነው፦ ካዚኖ፣ የመኪና እጥበት፣ የአውቶቡስ ጉዞ።

ራውንድ እኔ የተሸወድኩበት ነው። የሳንቲም መልክ አለው፣ የሚሸጠው ግን በብረቱ ክብደት ነው።

ቅጂ እውነተኛ ሳንቲምን አስመስሎ የተሠራ ነው። አንዳንዱ ቅጂ መሆኑን በግልጽ ይናገራል፣ አንዳንዱ ዝም ይላል።

## ከመጀመራችሁ በፊት የምታዘጋጁት

- 0.01 ግራም ድረስ የሚያነብ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን። የኩሽና ሚዛን አይሆንም።
- ካሊፐር፣ ስፋትና ውፍረት የሚለካው መሣሪያ። የፕላስቲኩ ይሻላል፣ አይጭርም።
- 10 እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ።
- ጠንካራ ማግኔት። ኒዮዲሚየም የሚባለው ነው።
- ቀላል የፕላስቲክ ኩባያ፣ ውሃ፣ ቀጭን የልብስ ስፌት ክር።
- ለስላሳ ጨርቅ፣ ወረቀት፣ እስክሪብቶ።

ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ አንጥፉ። እጃችሁን ታጥባችሁ አድርቁ። ሳንቲሙን ሁልጊዜ በጠርዙ ያዙ፣ ፊቱንና ጀርባውን በጣት አትንኩ።

### ፈጽሞ የማታደርጉት

አትወልውሉት። በጥርስ ሳሙና፣ በሎሚ፣ በአመድ፣ በማንኛውም ነገር። ነገሩ እውነተኛ የቆየ ሳንቲም ሆኖ ከተገኘ መወልወሉ ብቻ ዋጋውን በእጅጉ ይቀንሰዋል፣ የተፋቀው ገጽ ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። አትንከሱት። አሲድ አታንጠባጥቡበት። ድምፁን ለመስማት ወለል ላይ አትጣሉት። በታሸገ ፕላስቲክ ውስጥ ከሆነ ማሸጊያውን አትክፈቱ፤ ደረጃ 2ንና 5ን ሠርታችሁ ያገኛችሁትን ይዛችሁ ወደ ባለሙያ ሂዱ።

## ደረጃ 1፦ ሦስት ጥያቄ ጻፉ

ወረቀቱን ሦስት ቦታ ክፈሉት። በየአንዳንዱ አናት ላይ ይህን ጻፉ፦

1. ያወጣው ማን ነው? (መንግሥት ወይስ የግል ድርጅት?)
2. ዋናው ነው ወይስ ቅጂ?
3. ማዕድኑ ምንድን ነው?

ከዚህ በኋላ የምታገኙትን እያንዳንዱን ነገር በትክክለኛው ቦታ ብቻ አስገቡ። ማግኔት አልሳበውም? ያ 3ኛው ጥያቄ ሥር ይገባል። ለ1ኛውና ለ2ኛው ምንም አልመለሰም። ቀላል ይመስላል፣ ግን አብዛኛው ስሕተት የሚመጣው የ3ኛውን መልስ ለ1ኛው ከመስጠት ነው።

## ደረጃ 2፦ ያለውን ጽሑፍ በሙሉ አንብቡ

እዚህ ደረጃ ላይ ጊዜ አታሳጥሩ። ከሁሉም በላይ የሚናገረው ጽሑፉ ነው።

1. መብራቱን ከላይ ሳይሆን ከጎን ዝቅ አድርጉት። የተፋቀ ፊደል በጥላው ይታያል።
2. ዘውዱንም ጎፈሩንም በስልክ አንሱ። ፎቶውን አጉልታችሁ ከአንድ ነጥብ ጀምራችሁ ዙሪያውን አንብቡ።
3. እያንዳንዱን ፊደልና ቁጥር ወረቀት ላይ ገልብጡ። የማታውቁት ቋንቋ ቢሆንም እንኳ።
4. አራት ነገር ፈልጉ፦ የአገር ስም፣ የገንዘብ ዋጋ፣ ዓመት፣ የገዢ ወይም የባንክ ስም።
5. ከሥዕሉ ሥር፣ ከአንገቱ ቁርጥ በታች፣ ከላባ ወይም ከቅጠል መሐል ያሉ ደቃቅ ፊደሎችን በሌንስ ፈልጉ። ሐቀኛ ቅጂ ሠሪዎች «ኮፒ» የሚለውን የሚያሰፍሩት ብዙ ጊዜ ዓይን በማያርፍበት ቦታ ነው።

### ቀይ መብራት የሚያበሩ ቃላት

በላቲን ፊደል «ኮፒ»፣ «ሬፕሊካ»፣ «ቶከን»፣ «ሜዳል» የሚል ካገኛችሁ ነገሩ አለቀ። «ኖ ካሽ ቫሊዩ» ማለት በጥሬ ገንዘብ አይመነዘርም ማለት ነው።

«ኤሴ»፣ «ፕሮብ» ወይም «ስፔሲመን» የሚል ካለ ግን ጠንቀቅ በሉ። ትርጉማቸው «ሙከራ» እና «ናሙና» ነው። መንግሥታት በእርግጥ የሙከራ ሳንቲም ያሠራሉ። ነገር ግን ዩሮ በ2002 እጅ በእጅ መዘዋወር ከጀመረ ወዲህ የግል ድርጅቶች ዩሮ በማይጠቀሙ አገሮች ስም ጭምር የዩሮ መልክ ያላቸው «ሙከራዎች» አውጥተዋል። የአገሩ መንግሥት አያውቃቸውም።

ማዕድኑን የሚመለከቱት ቃላት ከሁሉም በላይ ያታልላሉ፦

- «ጀርመን ሲልቨር» ውስጥ ብር የለም። መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ነው።
- «ኖርዲክ ጎልድ» ውስጥ ወርቅ የለም። 89 በመቶ መዳብ ሲሆን የቀረው አሉሚኒየም፣ ዚንክና ቆርቆሮ ነው። ባለ 10፣ 20 እና 50 ዩሮ ሴንት የሚሠሩት ከዚህ ነው። ስለዚህ ሐሰተኛ ብረት አይደለም፣ ወርቅ ግን አይደለም።
- «ክላድ»፣ «ሌየርድ»፣ «ፕሌትድ» ሁሉም ቅብ ማለት ናቸው። «በ24 ካራት ወርቅ የተለበጠ» ሲባል 24 ካራት የሆነው ቅቡ ብቻ ነው።
- «ኤች ጂ ኢ» የሚሉት ሦስት ፊደላት ወፈር ያለ የወርቅ ቅብ ማለት ነው። ወፈር ያለ ቢሉትም ቅብ ነው።
- «100 ሚልስ .999» የሚል ጽሑፍ የክብደት መለኪያ ይመስላል። አይደለም። የቅብ ውፍረት ነው፣ የታለመውም እንዲመስል ነው።

### «ዋጋ አልተጻፈበትም፣ ስለዚህ ሳንቲም አይደለም» አትበሉ

ይህ ደንብ በየቦታው ይነገራል፣ ግን በሦስት ታላላቅ ሳንቲሞች ፊት ይወድቃል። የእንግሊዝ ሶቨሪን ወርቅ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ ይታያል፣ የገንዘብ ዋጋ ግን አልተጻፈበትም። ከ1967 ጀምሮ የሚወጣው የደቡብ አፍሪካ ክሩገርራንድ የወርቁን ክብደት እንጂ ስንት ራንድ እንደሆነ አይናገርም። አያቶቻችን ጠገራ የሚሉት ማሪያ ትሬዛም ዋጋው አልተጻፈበትም። ሦስቱም እውነተኛ ሳንቲሞች ናቸው።

ማሪያ ትሬዛ ላይ ሌላም ነገር ልብ በሉ። ከ1780 በኋላ የታተሙት ሁሉም 1780 ይላሉ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የታተሙትም ጭምር። ስለዚህ የተጻፈው ዓመት የታተመበት ዓመት ላይሆን ይችላል።

### «ዋጋ ተጽፎበታል፣ ስለዚህ ሳንቲም ነው» ም አትበሉ

የካዚኖ ቶከን «አንድ ዶላር» ይላል። ትልቁ የአሜሪካ ዶላር ሳንቲም የሚገባበት ማሽን ውስጥ እንዲሠራ ስፋቱም ከዚያው ጋር ተቀራርቦ የተሠራ ነው። ዙሪያውን ስታነቡ ግን የካዚኖው ስም አለ። አሜሪካ ውስጥ በግል የወጣው ሊበርቲ ዶላርም እውነተኛ ብር ነበር፣ የዶላር ዋጋም ተጽፎበት ነበር። አውጪው ግን በ2011 ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብሏል።

### ይህ ደረጃ ሲበላሽ

*ፊደሉ ከጠፋ፦* ቀጭን ወረቀት አልብሳችሁ በእርሳስ ጎን በቀስታ አሻሹ። ወረቀቱ በሳንቲሙ ላይ መንሸራተት የለበትም። በዓይን ያልታየው ቁጥር አንዳንዴ ወረቀቱ ላይ ይወጣል።

*ቋንቋውን ካላወቃችሁ፦* በስልክ የትርጉም መተግበሪያ ፎቶውን አስነብቡ። ካልቻለ ፎቶውን እያዞራችሁ ደግማችሁ ሞክሩ። ዙሪያውን የተጻፈ ፊደል ለመተግበሪያው ግራ ያጋባል።

*ጽሑፉ የማይታወቅ «አገር» ከጠራ፦* ራሳቸውን አገር ብለው የሚጠሩ ጥቃቅን ቦታዎች አሉ፣ ለምሳሌ እንግሊዝ አጠገብ ባሕር ላይ ያለው ሲላንድ። ሳንቲም ብለው ያወጡታል። ሰብሳቢ ይፈልገው ይሆናል፣ ሕጋዊ ገንዘብ ግን አይደለም።

## ደረጃ 3፦ መዝኑ፣ ለኩ

መጀመሪያ ሚዛናችሁን ፈትኑት። የምታውቁትን አዲስ ሳንቲም አስቀምጡ። አንድ ዩሮ 7.5 ግራም፣ ሁለት ዩሮ 8.5 ግራም፣ የአሜሪካ ኳርተር 5.67 ግራም ነው። ሚዛኑ ከዚህ በግልጽ ከራቀ ባትሪውን ለውጡና ደግሙ።

1. ሚዛኑን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አድርጉ፣ ማራገቢያና መስኮት ዝጉ።
2. ሦስት ጊዜ መዝኑ። በየመሐሉ አንስታችሁ ዜሮ አድርጉ።
3. ስፋቱን ሦስት ቦታ ላይ በካሊፐር ለኩ።
4. ውፍረቱን ጠርዙ ላይ ለኩ፣ መሐሉ ላይ አይደለም።

አሁን «ነው» ከተባለው ሳንቲም መጠን ጋር አስተያዩት። ብዙ ጊዜ የሚቀዱት እነዚህ ናቸው፦

- ሶቨሪን፦ 7.99 ግራም፣ 22.05 ሚሊሜትር
- አንድ አውንስ ክሩገርራንድ፦ 33.93 ግራም
- ሞርጋን ዶላር፦ 26.73 ግራም፣ 38.1 ሚሊሜትር
- የአሜሪካ ሲልቨር ኢግል፦ 31.10 ግራም፣ 40.6 ሚሊሜትር
- ማሪያ ትሬዛ፦ 28.07 ግራም፣ ስፋቱ 40 ሚሊሜትር አካባቢ

ወርቅ አስመሳዮች የሚጋለጡት እዚህ ነው። ሶቨሪንን በስፋቱና በውፍረቱ አስመስሎ ከናስ የሠራ ሰው 4 ግራም እንኳ የማይሞላ ነገር ነው የሚያገኘው። ክብደቱን ለማስተካከል ማወፈር ይኖርበታል፣ ያኔ ደግሞ ካሊፐሩ ይይዘዋል። ክብደት፣ ስፋትና ውፍረት ሦስቱንም አንድ ላይ ማሟላት ከባድ ነው። አንዱን ብቻ ለክታችሁ አትቁሙ።

*ቢቀልስ?* የተዘዋወረ ሳንቲም ያልቃል። ፊቱ የተላጨ አሮጌ ሳንቲም ትንሽ ቢጎድል አያስገርምም። ፊቱ ጥርት ብሎ አዲስ የሚመስል ሆኖ ግን ግማሽ ግራም ከጎደለው ጠርጥሩ።

*ቢከብድስ?* ሰበብ የለውም። ሳንቲም ሲያረጅ አይከብድም። የማንጠልጠያ ቀለበት ወይም ብየዳ ካልተጨመረበት በቀር ሌላ ነገር ነው።

## ደረጃ 4፦ ጠርዙን እዩ

ጠርዙን በሁለት ጣት ይዛችሁ በሌንስ ፊት ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ሙሉ ዙር።

ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን መስመር ካለ በቅርጽ ማፍሰሻ ተፈስሶ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ቅጂዎች ላይ ይህ መስመር ብዙ ጊዜ በሞረድ ተፍቆ ይጠፋል፣ የሞረዱ ጭረት ግን ይቀራል። ጥርሶቹ እኩል ናቸው? ወይስ አንድ ቦታ ላይ ተደፍነዋል? ማሪያ ትሬዛ ጠርዟ ላይ በላቲን «ፍትሕና ምሕረት» የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ከጌጥ ጋር አለ። ልሙጥ ከሆነ ችግር አለ።

ሜዳሊያ ጠርዙ ላይ ራሱን የሚያጋልጥበትም ጊዜ አለ። የፓሪስ ሚንት (የሳንቲም ማተሚያ ቤት) ሜዳሊያዎች ጠርዛቸው ላይ ትንሽ የቀንድ ምልክትና የብረቱ ስም ይመታባቸዋል። «ይህኛው ከ5000 ውስጥ 312ኛው ነው» የሚል ዓይነት ተራ ቁጥርም የሜዳሊያ ልማድ ነው፤ ለመገበያያ የወጣ ሳንቲም ላይ አታገኙትም።

አሁን አንድ ትንሽ ሙከራ። ሳንቲሙን ላይና ታቹን በሁለት ጣት ይዛችሁ ቀጥ አድርጉት። ከዚያ በሌላ እጃችሁ ወደ ጎን አሽከርክሩት። ጀርባው ቀጥ ብሎ መጣ ወይስ ተዘቅዝቆ? በአሜሪካ ሳንቲሞች ተዘቅዝቆ ይመጣል። በእንግሊዝና በዩሮ ሳንቲሞች ቀጥ ብሎ ይመጣል። ሰብሳቢዎች ቀጥ ብሎ የሚመጣውን «የሜዳሊያ አቀማመጥ» ይሉታል። ስሙ እንዳያሳስታችሁ፣ ሜዳሊያ ነው ማለት አይደለም። ጥያቄው ከዋናው ሳንቲም ጋር ይስማማል ወይ ነው። ሞርጋን ዶላር ተብሎ ጀርባው ቀጥ ብሎ ከመጣ ነገሩ ደህና አይደለም።

## ደረጃ 5፦ ማግኔት

አጭር ደረጃ ነው። ሳንቲሙን በክር አንጠልጥሉና ማግኔቱን አስጠጉ። ወርቅ፣ ብር፣ መዳብና ናስ አይሳቡም። ብር ነው የተባለው ነገር ዘሎ ከተጣበቀ ብር አይደለም።

ግን ወደ ኋላ አትገልብጡት። ካልተሳበ ብር ነው ማለት አይደለም፤ ናስም አይሳብም። ከተሳበም ሐሰተኛ ገንዘብ ነው ማለት አይደለም። 1፣ 2 እና 5 ዩሮ ሴንት መዳብ የተቀባ ብረት ስለሆኑ ይሳባሉ። ከ1992 ጀምሮ የሚወጣው የእንግሊዝ ፔኒም እንዲሁ። ይህ ሁሉ የ3ኛው ጥያቄ መልስ ብቻ ነው።

## ደረጃ 6፦ የውሃ ሚዛን

ቅብ የማይደብቀው ነገር አንድ ነው፦ እፍግታ፣ ማለትም ነገሩ ለመጠኑ ምን ያህል እንደሚከብድ። ሙከራው ሳንቲሙን አይጎዳም፣ ወጪም የለውም። ስንት ሰው አሲድ ፍለጋ ሲሮጥ ይህን መዝለሉ ይገርመኛል።

1. ደረቁን ክብደት ጻፉ።
2. የፕላስቲክ ኩባያውን እስከ ግማሽ ውሃ ሙሉትና ሚዛኑ ላይ አስቀምጡ። ውሃው ቤቱን ያህል የሞቀ ወይም የቀዘቀዘ ይሁን።
3. ሚዛኑን ዜሮ አድርጉ።
4. ሳንቲሙን በክሩ አስራችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪሰጥም ውሃው ውስጥ አንጠልጥሉት። ታችም ጎንም እንዳይነካ። ክሩን ይዛችሁ ቁሙ፣ አትልቀቁት።
5. ሚዛኑ የሚያሳየውን ጻፉ።
6. ደረቁን ክብደት ለዚህ ቁጥር አካፍሉ።

ምሳሌ። ማሪያ ትሬዛ ነው የተባለው ደረቁ 28.07 ግራም መዘነ። ውሃ ውስጥ ሲንጠለጠል ሚዛኑ 2.75 አሳየ። 28.07 ሲካፈል ለ2.75፣ 10.2 ገደማ። ማሪያ ትሬዛ ውስጥ ያለው ብር 83.3 በመቶ ነው፣ የቀረው መዳብ ነው፣ እፍግታውም 10.2 አካባቢ መሆን አለበት። ልክ ነው። ሚዛኑ 3.2 አሳይቶ ቢሆን መልሱ 8.8 ይሆን ነበር። ያ ብር ሳይሆን ያ «ጀርመን ሲልቨር» የሚሉት ዓይነት ቅይጥ ነው።

ለማስተያየት፦

- ንጹሕ ወርቅ 19.3
- ባለ 22 ካራት ወርቅ ከ17.5 እስከ 17.9 አካባቢ
- እርሳስ 11.34
- ንጹሕ ብር 10.49፣ 90 በመቶ ብር 10.3 አካባቢ
- መዳብ 8.96
- ናስ ከ8.4 እስከ 8.7
- ብረት 7.85 አካባቢ
- ዚንክ 7.1

ወርቅ ቅብ ሜዳሊያ እዚህ ራቁቱን ይቀራል። ላዩ ቢያብረቀርቅም መልሱ 8 ነጥብ ምናምን ይመጣል፣ ምክንያቱም ሆዱ መዳብ ወይም ናስ ነው።

### የውሃው ሚዛን ሲያስቸግር

*ቁጥሩ አልረጋ ካለ፦* እጃችሁ እየተንቀጠቀጠ ነው። ከሚዛኑ ጎንና ጎን ሁለት የመጽሐፍ ቁልል ሥሩ፣ ላዩ ላይ እስክሪብቶ አጋድሙ፣ ክሩን እሱ ላይ እሰሩ።

*ሚዛኑ «ከአቅም በላይ» ካለ፦* ኩባያው ወይም ውሃው በዝቷል። ትናንሽ ሚዛኖች ብዙ ጊዜ የሚችሉት 100 ወይም 200 ግራም ነው። ውሃ ቀንሱ።

*መልሱ ከተጠበቀው በጣም ካነሰ፦* የአየር አረፋ ተጣብቋል። ሳንቲሙን ውሃው ውስጥ እያለ ቀስ ብላችሁ ነቅነቅ አድርጉ። ፊደሎቹ መሐል ያለ አንድ ትንሽ አረፋ ስሌቱን ያበላሻል።

*መልሱ ከተጠበቀው በጣም ከበለጠ፦* ሳንቲሙ ሙሉ በሙሉ አልሰጠመም ይሆናል። ጥልቅ አድርጉትና ደግሙ።

*በድንገት ሙሉ ክብደቱን ካሳየ፦* ታች ነክቷል። ክሩን አሳጥሩ።

*ሳንቲሙ ትንሽ ከሆነ፦* አምስት ጊዜ ደግማችሁ አማካዩን ውሰዱ። ሶቨሪን ውሃ ውስጥ የሚያሳየው 0.45 ግራም ገደማ ብቻ ነው። 0.44 ሲሆን መልሱ 18.2፣ 0.46 ሲሆን 17.4 ይሆናል። በአንድ ንባብ አትወስኑ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ተንግስተን የሚባለው ብረት እፍግታው 19.25 ነው፣ ከወርቅ ጋር አንድ ያህል። ትልቅ ገንዘብ የምትከፍሉበት ወርቅ ከሆነ የውሃው ሙከራ ብቻውን አይበቃም፣ በመሣሪያ የሚመረምር ባለሙያ ያስፈልጋል። እርሳስና ቆርቆሮ በልክ ተቀይጠውም ወደ ብር እፍግታ ሊጠጉ ይችላሉ። እንዲህ ያለው ግን ለስላሳ ነው፣ ፊደሎቹም ጥርት አይሉም። ስትጨርሱ ሳታሹ በጨርቅ ጫን ጫን እያደረጋችሁ አድርቁት።

## ደረጃ 7፦ በካታሎግ አረጋግጡ

አሁን ጽሑፍ፣ ክብደት፣ ስፋትና እፍግታ አላችሁ። ፍለጋው አሁን ነው የሚጀመረው፣ ቀደም ብሎ አይደለም። ፎቶ ብቻ ይዞ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው የዋናውን ሳንቲም ገጽ ነው፣ ቅጂውም ዋናውን ስለሚመስል።

ኑሚስታ የሚባለው የድር ካታሎግ ሳንቲሞችን ለብቻ፣ ቶከንና ሜዳሊያዎችን ለብቻ ይመዘግባል። ያገኛችሁት ገጽ በየትኛው ክፍል ሥር እንዳለ እዩ። አዲስ ሳንቲም ከሆነ የአገሩ ማዕከላዊ ባንክ ወይም ሚንት ድረ ገጽ ላይ ዝርዝሩን ፈልጉ።

ዓመቱን በተለይ አጣሩ። ዝነኛ ዓመት ካያችሁ ደስ አይበላችሁ፣ ተጠራጠሩ። የ1933 የአሜሪካ ባለ 20 ዶላር ወርቅ በግለሰብ እጅ በሕግ የተፈቀደው አንድ ብቻ ነው፤ በ2021 በጨረታ 18.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበታል። የወርቅ ቅብ ቅጂዎቹ ግን በየቦታው ይሸጣሉ። 1804 የሚል የአሜሪካ ብር ዶላርም የሚታወቀው ጥቂት ብቻ ነው። መሳቢያ ውስጥ ያገኛችሁት ከእነሱ አንዱ አይደለም።

ሥዕሉን ቁራጭ በቁራጭ አወዳድሩ። በ1837 የወጣ አንድ የናስ ቶከን አለ፣ መጠኑ ሶቨሪን የሚያህል። ፈረስ ላይ ያለ ሰው፣ ከሥር ዘንዶ። ለቸኮለ ዓይን ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ቀረብ ሲሉት ግን ፈረሰኛው ዘውድ ደፍቷል፣ ከላዩም «ቱ ሃኖቨር» ይላል። ጀርመን ወዳለችው ሃኖቨር በተሰናበተው የእንግሊዝ መስፍን ላይ የተሠራ ቀልድ ነው። በዘመኑም እንደ ወርቅ ሲያሳልፉት ነበር።

## ደረጃ 8፦ ወስኑ

ወረቀታችሁን እዩ። ሦስቱም ቦታ መልስ አለው?

*1ኛው «መንግሥት»፣ 2ኛው «ዋናው» ከሆነ፦* ሳንቲም ነው። ማዕድኑ ርካሽ ቢሆንም ሳንቲምነቱ አይቀርም።

*1ኛው «የግል»፣ 3ኛው «ብር» ወይም «ወርቅ» ከሆነ፦* ሜዳሊያ ወይም ራውንድ ነው። መነሻ ዋጋው የብረቱ ነው። ቀለል ያለ ሒሳብ፦ ክብደት ሲባዛ በንጽሕናው ሲባዛ በዕለቱ የአንድ ግራም ዋጋ። ከዚያ በላይ የምትከፍሉት ለሥዕሉ ነው።

*1ኛው «የግል»፣ 3ኛው «ቅብ» ከሆነ፦* ማስታወሻ ነው። ወደዳችሁት ከሆነ ያዙት።

*2ኛው «ቅጂ» ከሆነ፦* ለማንም እንደ ዋና አድርጋችሁ አታሳልፉት። አሜሪካ በ1973 ባወጣችው ሕግ የሳንቲም ቅጂ ላይ «ኮፒ» የሚል መመታት አለበት። የአውሮፓ ኅብረትም በ2004 ባወጣው ደንብ ከዩሮ ሳንቲም ጋር የሚምታታ ሜዳሊያና ቶከን ከልክሏል። ግን ምልክቱ አለመኖሩ እውነተኛነቱን አያረጋግጥም። ከሕጉ በፊት የተሠራም፣ ሕጉን የጣሰም አለ።

*አንዱ ቦታ ባዶ ከቀረ፦* አልወሰናችሁም ማለት ነው። አትግዙ፣ አትሽጡ።

ስለ «የእውነተኛነት ምስክር ወረቀት» አንድ ነገር ልበል። ሜዳሊያ አምራቾች ቆንጆ ሳጥንና ማኅተም ያለው ወረቀት ይሰጣሉ። ወረቀቱ የሚለው «ይህን እኛ ሠራነው» ነው። እውነት ነው፣ እነሱ ሠሩት። ሳንቲም ነው አላለም።

## አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ

1. ማሸጊያውን፣ ደረሰኙንና የሻጩን መልእክቶች አትጣሉ።
2. ሻጩ የጻፈውን ቃል በቃል አንብቡ። «ሳንቲም» ብሏል ወይስ «ብር» ብቻ? ልዩነቱ ክርክሩን ይወስናል።
3. ስድብ ሳይሆን ቁጥር ላኩ፦ ክብደት፣ ስፋት፣ እፍግታ፣ እና ሚዛኑ ላይ ሆኖ የተነሳ ፎቶ።
4. በድረ ገጽ ከገዛችሁ የመመለሻ ቀኑ ሳያልፍ አመልክቱ።
5. ገንዘባችሁን ለማስመለስ ብላችሁ ለሌላ ሰው አትሽጡት። ያኔ ተታላይ የነበራችሁት አታላይ ሆናችሁ።

የእኔን መመለስ አልቻልኩም። ሻጩ «ብር ነው» እንጂ «ዶላር ነው» አላለም ነበር። ስለዚህ ከሳንቲሞቼ ለየሁትና በትንሽ ፖስታ ውስጥ አስቀመጥኩት፣ ከእኔ በኋላ የሚያገኘው ሰው እንዳይደናገር። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፦ ቀን፣ ክብደት፣ እፍግታ፣ ከዚያ ውሳኔው። የእኔ ፖስታ ላይ «31.1 ግራም። 10.5። ብር ነው፣ ብር አይደለም» ይላል።